ሸገር አረንጓዴ ለበሰች፤ አቃቂስ?

አዲስ አበባ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሰሜን ጫፏ እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትርን ያልፋል። ደቡብ ጫፏ አቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በመሃል ያለው ሁሉ ቁልቁል ይወርዳል። ዝናቡ፣ የልብስ አጠባው እጣቢ፣ የጋራዡ ዘይት፣ ከሞላ ሽንት ቤት የሚተርፈው፣ ሁሉም። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ፣ ባንትይቀጡ፣ ቁርጡሜ እያልን የምንጠራቸው ወንዞች ይህን ተሸክመው ወደ ትንሹና ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባሉ። ሁለቱ አቃቂዎች ደግሞ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ወዲያ አዋሽ ነው።

ስለዚህ ስለ አዲስ አበባ አካባቢ ጥበቃ ማወቅ የፈለገ ሰው መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ታች ነው። እኛ ግን ሁልጊዜ የምናየው ከላይ ነው። እንግዳ ሲመጣ እንጦጦ እንወስደዋለን። ፎቶ የምንነሳው ፓርክ ውስጥ ነው። አባ ሳሙኤልን ሄዶ ያየ አዲስ አበቤ ስንት እንደሆነ እንጃ።

ባለፉት ዓመታት የተሠራው ሥራ ትንሽ አይደለም። በየካቲት 2011 ዓ.ም. የወንዝ ዳርቻ ልማቱ ይፋ ሲደረግ ዕቅዱ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ማልማት ነበር። ወጪው 29 ቢሊዮን ብር ተብሎ ተገመተ። በዚያው ዓመት ግንቦት «ገበታ ለሸገር» ተዘጋጀ። አንድ ወንበር 5 ሚሊዮን ብር። ያኔ ብዙ ሰው ቀልዶበታል፤ ገንዘቡ ግን ተሰበሰበ፣ ሥራውም ተጀመረ። አንድነት ፓርክ ተከፈተ፣ ወዳጅነት ፓርክ ተከተለ፣ እንጦጦም በ2013 ዓ.ም. ለጎብኚ ክፍት ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኮሪደር ልማቱ መጣ። የእግረኛ መንገዱ ሰፋ፣ የብስክሌት መስመር ተሠራ፣ መብራትና ሣር በየቦታው ታየ።

ይህን ላጣጥል አልተነሳሁም። ሰው እሑድ ከሰዓት ልጁን ይዞ የሚወጣበት፣ ሳይከፍልም ሆነ በትንሽ ብር የሚቀመጥበት ጥላ ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት ይህ አልነበራትም። ሜዳ ሲገኝ ይታጠራል፣ የታጠረው ይሸጣል፣ የተሸጠው ፎቅ ይሆናል። አንድ ቦታ «አረንጓዴ» ተብሎ አረንጓዴ ሆኖ መቅረቱ በራሱ ዜና ነው።

ጥያቄው ሌላ ነው። የጸዳው ዳሩ ነው ወይስ ውሃው?

እዚህ ጋ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ከተማዋ ከአካባቢዋ ጋር ስትጋጭ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ አካባቢ ከወረደና በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ብዙም ሳይቆይ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት አለቀ። የእንጦጦ ጽድና ወይራ ተመንጥሮ ጠፋ። በድሮው ሥርዓት እንጨት ሲያልቅ መፍትሔው ከተማውን ነቅሎ መሄድ ነበር። አፄ ምኒልክም አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማዋ ባለችበት እንድትጸና ካደረጉት ነገሮች ዋነኛው ባሕር ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ በጥቂት ዓመት ይደርሳል፣ ሲቆረጥም ከጉቶው ተመልሶ ያቆጠቁጣል። ለምሰሶ ይሆናል፣ ለማገር ይሆናል፣ ለምድጃ ይሆናል። አዲስ አበባ የቆመችው በእሱ ላይ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ዋጋው የታወቀው ቆይቶ ነው። ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል። ሥሩ ሌላ ነገር በደንብ አይበቅልም። ቅጠሉና ቅርንጫፉ ደግሞ እየተለቀመ ለማገዶ ስለሚሄድ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። ክረምት ላይ ዝናቡ ባዶ አፈር ላይ ይወርድና አፈሩን ይዞ ቁልቁል ይገሰግሳል። ሽሮ ሜዳና ቀጨኔ ያለ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ከራሳቸው ቁመት የሚበልጥ የቅጠል ሸክም አዝለው ከእንጦጦ የሚወርዱ እናቶችም የዚሁ ታሪክ አካል ናቸው። ጫካውን «እየጨረሱ ነው» ተብለው ሲወቀሱ ኖረዋል። ከተማዋ ግን እንጀራዋን የጋገረችው በእነሱ ጀርባ ነው።

አሁን እንጦጦ ላይ የሚሠራው ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ በሀገር በቀል ዛፍ መተካት ነው። የጉለሌ እጽዋት ማዕከል ይህን ሥራ ከፓርኩ በፊት ጀምሮታል። ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት። ሐሳቡ ትክክል ነው። ግን ቀላል አይደለም። ባሕር ዛፉ በአንድ ጊዜ ከተጨፈጨፈ ተዳፋቱ ባዶ ይሆናል፣ አፈሩ ይታጠባል። ስለዚህ እየከፈሉ፣ እየጠበቁ መሄድ ያስፈልጋል። ዝግባ ደግሞ የምርጫ ዘመን አይጠብቅም። አንድ ሰው ተክሎት ልጁ ነው ጥላው ሥር የሚቀመጠው።

የችግኝ ነገር ከተነሳ አይቀር፣ የቁጥር አባዜያችንንም ላንሳ። በሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን በመላ ሀገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ዓለም አወራው። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ቁጥሩ ያድጋል። ችግኝ መትከል ግን የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ዱላ ብትሰካም ይለመልማል። ፈተናው የካቲትና መጋቢት ነው። ውሃ የሚያጠጣው ማን ነው? ከፍየል የሚጠብቀው ማን ነው? ከሦስት በጋ በኋላ የቆመውን ቆጥሮ፣ የት ሰፈር ስንቱ ጸደቀ ብሎ ለሕዝብ የሚናገር አካል ቢኖር የተከላው ዘመቻ ራሱ ይሻሻል ነበር። የት እንደማይጸድቅ ይታወቅ ነበርና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ፍሳሽ።

አብዛኛው የአዲስ አበባ ቤት ከፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኘም። ቪላው ሴፕቲክ ታንክ አለው። የድሮ ሰፈር ውስጥ ያለው ጎረቤት የጋራ ጉድጓድ ይጠቀማል። ሲሞላ መጣጭ መኪና ይጠራል፣ ወረፋ ይጠበቃል፣ ይከፈላል። መኪናው የማይገባበት ጠባብ መንደርም ብዙ ነው። ወንዝ ዳር ያለው ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ ቱቦውን በቀጥታ ወደ ወንዙ ያዞረዋል። ክረምት ሲመጣ ጎርፍ ጠብቆ ጉድጓዱን የሚለቅም አለ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ሸተተን እያልን አፍንጫችንን ይዘን አልፈናል። የወንዞቻችን ትልቁ በካይ ፋብሪካ ብቻ ይመስለን ነበር። እኛው ራሳችን ነን።

ቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ አለ። እዚያ የተሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ቦታው ዝቅተኛ ስለሆነ ፍሳሹ ያለ ፓምፕ፣ በራሱ ቁልቁለት ይደርሳል። የድሮው ማጣሪያ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ብቻ ነበር የሚችለው። በዓለም ባንክ ብድር ተስፋፍቶ አቅሙ 100,000 ሜትር ኩብ ደርሷል። ዕድገቱ የሚያስደስት ነው። ግን በጣታችን እንቁጠር። አንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ውሃ ብቻ ተጠቅሞ ይጥላል እንበል። ይህ በጣም ቁጠባ ነው። አራት ሚሊዮን ሰው 200,000 ሜትር ኩብ ይጥላል ማለት ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2.7 ሚሊዮን ነበር። ዛሬ ከአራት ሚሊዮን በታች ነው የሚል ሰው አላጋጠመኝም። በአንዳንድ የኮንዶሚኒየም ሳይቶች የተተከሉ አነስተኛ ማጣሪያዎችን ብንጨምርም ክፍተቱ ሰፊ ነው።

ደግሞ ማጣሪያው ብቻውን ምንም አይሠራም። ቤቱን ከማጣሪያው የሚያገናኘው ቱቦ ነው ወሳኙ። ቱቦ ደግሞ መጥፎ ዕድል አለው። መሬት ውስጥ ይቀበራል፣ አይታይም፣ ሪባን አይቆረጥለትም። ሲቀበር መንገድ ይቆፈራል፣ ነዋሪ ይማረራል። ለባለሥልጣን ፓርክ ማስመረቅና ቱቦ መቅበር እኩል አይደሉም። የኮሪደር ልማቱ አንዱ ጥሩ ነገር፣ በእኔ እምነት ከሣሩም ከመብራቱም የሚበልጠው፣ መንገዱ ሲሠራ የፍሳሽና የጎርፍ መስመር አብሮ መቀበሩ ነው። ስለ እሱ ግን ብዙ አይወራም። ፎቶ አይወጣለትማ።

ፋብሪካዎቹስ? አቃቂና ቃሊቲ የኢንዱስትሪ ሰፈር የሆኑት ከጥንት ነው። ቆዳ ፋብሪካ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ፣ ሳሙና። ወንዝ ዳር የተሠሩት ውሃ ስለሚፈልጉና የሚጥሉበት ስለሚፈልጉ ነው። ከሁሉም የሚከብደው የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ነው። ቆዳ እንዳይበሰብስ በክሮሚየም ጨው ይለፋል። ቆዳው ሁሉንም አይመጠውም፤ የተረፈው ከውሃው ጋር ይወጣል። ካልታከመ ወንዝ ውስጥ ይገባና ከጭቃው ጋር ይቀመጣል። ሽታ ነገር ይሄዳል፣ ብረት ግን አይበሰብስም።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ ከበቂ በላይ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 11 ደፋር ነው። ማንም ሰው፣ እኔ በግሌ ተጎዳሁ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በካይ ላይ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አቤት ማለት፣ ምላሽ ካጣም ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል ይላል። አንድ የሲቪል ማኅበር ይህን ይዞ በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት ጉዳይ የመንግሥትን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ አደረገው። ከዚያ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ለነባር ፋብሪካዎች የአምስት ዓመት ጊዜ ሰጠ። አምስቱ ዓመት ካለቀ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከተማ አስተዳደሩ ወንዝ ለሚበክል ከበድ ያለ ቅጣት የሚጥል ደንብ አወጣ።

ለምን አይሠራም? አንዱ ምክንያት ሂሳብ ነው። ማጣሪያ መትከል አንድ ነገር ነው፤ በየቀኑ ማስኬድ ሌላ ነው። ኬሚካል ይገዛል፣ መብራት ይከፈላል፣ ባለሙያ ይቀጠራል። ቅጣቱ ከዚህ የሚያንስ ከሆነ፣ ወይም ጭራሽ የማይመጣ ከሆነ፣ ነጋዴ ነውና የሚያዋጣውን ይመርጣል። ሌላው ምክንያት የመንግሥት ሁለት ፊት ነው። በአንድ እጁ ቆዳ ላኩ፣ ዶላር አምጡ ይላል፤ በሌላ እጁ ፍሳሻችሁን አጥሩ ይላል። ሁለቱ ሲጋጩ የሚያሸንፈው የትኛው እንደሆነ መገመት አያቅትም። አዲሱ ደንብ ይህን ይቀይር እንደሆነ የምናየው የመጀመሪያው ትልቅ ፋብሪካ በእውነት ሲቀጣ ነው። ጫማ ጠራጊና የወንዝ ዳር ነዋሪ ቢቀጣ ብዙ ለውጥ አያመጣም።

ይህ ሁሉ የሚደርሰው ሳህናችን ላይ ነው። በትንሹና በትልቁ አቃቂ ዳር ለዐሥርት ዓመታት አትክልት ሲመረት ኖሯል። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት። የከተማው ገበያ ቅጠላ ቅጠል ሰፊ ድርሻ ከዚያ ይመጣ ነበር። ተመራማሪዎች ከሃያ ዓመት በላይ ናሙና እየወሰዱ መርምረዋል፤ በአፈሩም በአትክልቱም ውስጥ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። ቅጠሉ የሚበላ አትክልት ከሌላው ይበልጥ ያከማቻል። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ማጠብ ይበቃል ብሎ ነው። ማጠብና ማብሰል ጀርሙን ይቀንሳል። በሥሩ የገባውን ብረት ግን ሎሚም ኮምጣጤም አያወጣውም። ገበሬውን ግን አልወቅስም። ውሃውን የበከለው እሱ አይደለም። ያለው ውሃ ያ ብቻ ነው። ዳርቻው ፓርክ ሲሆን መጀመሪያ የሚነሳውም እሱ ነው፣ ከላይ ያለው በካይ ግን ቦታው ላይ ይቆያል።

አባ ሳሙኤል ጋ ስንደርስ ሂሳቡ ተደምሮ ይጠብቀናል። ግድቡ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ፣ ከሀገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። ብዙ ዘመን በደለልና በእርጅና ሥራ አቁሞ ነበር። ከዚያ በቻይና ድጋፍ ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተደረገ። ማሽኑ ታደሰ፣ ውሃው ግን ያው ነው። ሐይቁን እንቦጭ ሸፍኖታል። እንቦጭ በራሱ በሽታ አይደለም፣ ምልክት ነው። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የበዛበት ውሃ ሲያገኝ ይፈነዳል። ይህን ምግብ የሚልክለት የእኛ ሽንት ቤትና የእኛ ሳሙና ነው። ጣና ላይ እንቦጭ ሲታይ ሀገር ተንጫጫ፣ ማሽን ተገዛ፣ ወጣቱ በእጁ ሊነቅል ወረደ። ደግ አደረገ። እንቦጭ ግን በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው በ1950ዎቹ ቆቃና አዋሽ ላይ ነው። አባ ሳሙኤል ዘፈን አልወጣለትም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ጉዳይ አለ። የምንጠጣው ውሃ ከየት ነው የሚመጣው? ገፈርሳ፣ ለገዳዲ፣ ድሬ። ሦስቱም ከአዲስ አበባ አስተዳደር ወሰን ውጭ፣ ኦሮሚያ ውስጥ ናቸው። ቀሪው በብዛት ከከርሰ ምድር ነው፤ የአቃቂ ጉድጓዶች ትልቅ ድርሻ አላቸው። አዎ፣ ያው አቃቂ። ቆሻሻው በላይ ይፈሳል፣ የመጠጥ ውሃው ከሥር ይሳባል። ጉድጓዶቹ ጥልቅ ናቸው፣ በመሃል ያለው አፈርና ዐለትም ያጣራል። ግን ዐለቱ የእሳተ ገሞራ ነው፤ ስንጥቅ አለው። ማጣራቱ ወሰን አለው።

የከርሰ ምድሩ ውሃ የሚተካው ደግሞ ዝናብ ወደ መሬት ሲሰርግ ነው። ከተማዋ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ሜዳው አስፋልት፣ ጓሮው ሲሚንቶ ሲሆን ይህ ውሃ የሚሰርግበት ያጣል። መንገድ ላይ ይሮጣል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአንድ ቀን ዝናብ ሰባት ሰዎች በጎርፍ ሞተዋል። ክረምት ጎርፍ፣ በጋ የውሃ ፈረቃ። ሁለቱ የአንድ ችግር ሁለት ጫፍ ናቸው። ለዚህ ነው በኮሪደሩ ዳር የሚነጠፈውን ሣርና ዘንባባ ሳይ ግር የሚለኝ። ሣሩ ያምራል። ግን በጋ ሙሉ ውሃ ይፈልጋል፣ ያውም ቧንቧው በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ በሚመጣበት ከተማ። አንድ ያረጀ ወይራ ወይም ወርካ ከአንድ ሄክታር ሣር ይልቅ ጥላ ይሰጣል፣ ቦቴም አይጠይቅም። መንገድ በሰፋ ቁጥር መጀመሪያ የሚወድቀው ግን ያው አሮጌው ዛፍ ነው።

የደረቅ ቆሻሻውም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ቆሼ ከሃምሳ ዓመት በላይ የከተማው ሁሉ መጣያ ሆኖ ተራራ አከለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ከተራራው ሥር ላስቲክና ጭቃ ቤት ሠርተው የሚኖሩ ነበሩ። ብዙ ሰው የሚረሳው ከዚያ በፊት የሆነውን ነው። ሰንዳፋ ላይ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ገንዘብ ዘመናዊ መጣያ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ሽታውንና ወደ ውሃቸው የሚገባውን ፍሳሽ ተቃወሙ። በዚያው ዓመት ተዘጋ። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ፣ የተጨነቀው ተራራም ላይ ተጨመረ። ገበሬዎቹ ጥፋተኛ አልነበሩም። የከተማው ሰው የማይፈልገውን ነገር እነሱ ለምን ይፈልጉታል? አላማከሯቸውም፣ ጥቅሙንም አላካፈሏቸውም።

ቆሼ አጠገብ የተሠራው የረጲ ማመንጫ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ 25 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታቀደ ነው። በአፍሪካ የመጀመሪያው ተብሎ ተወደሰ። የሚያዳግተው ግን የቆሻሻችን ጠባይ ነው። አውሮፓ ውስጥ የሚቃጠለው ወረቀት፣ ካርቶንና ፕላስቲክ ነው። የእኛ ቆሻሻ በአብዛኛው የድንች ልጣጭ፣ የወጥ ትራፊ፣ የጫት ገረባ፣ አመድና አፈር ነው። እርጥብ ነው። የሚነደውን ወረቀትና ፕላስቲክ ደግሞ ቆራሌው ቀድሞ ወስዶታል። ከልጣጩ ማዳበሪያ መሥራት ይቀል ነበር፤ ያ ግን ከቤት ጀምሮ መለየትን ይፈልጋል።

ስለ ቆራሌው አንድ ነገር ልበል። በዚህ ከተማ ለአካባቢ ጥበቃ ከማንም በላይ የሠራው እሱ ነው። ደመወዝ የለውም፣ ሽልማት የለውም፣ ዐውደ ጥናት ላይ አይጋበዝም። ብረቱን፣ ጠርሙሱን፣ ባዶ ሃይላንዱን እየገዛ መርካቶ ምናለሽ ተራ ያደርሳል። እዚያ ጣሳው ኩራዝ ወይም ምድጃ ይሆናል። ይህን ሰንሰለት የሚያጠናክር ፖሊሲ ከማንኛውም ማሽን ይረክሳል። ቆራሌው የማይገዛው ፌስታሉን ብቻ ነው፤ ዋጋ የለውምና። ስለዚህ ፌስታሉ ቦይ ይደፍናል፣ የተደፈነው ቦይ ደግሞ ጎርፉን መንገድ ላይ ያወጣዋል። ስስ ፌስታልን የሚከለክል ሕግ በ1999 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር። ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሳሳ እንዳይመረት ይል ነበር። ሱቅ ሄዶ የለካ የለም መሰለኝ። በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ አዋጅ ግን ፌስታልን በጥቅሉ ይከለክላል። ይህኛው የሚያዋጣው ጉሊት ለምትሸጠው እናት የሚተካ ነገር በዋጋዋ ከተገኘላት ነው። የሁለት ብር ሽንኩርት የሃያ ብር ከረጢት አይገዛም።

የወሰን ነገርም አለ። አዲስ አበባ ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር ጥቂት የምትበልጥ ከተማ ናት። ዙሪያዋን ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኦሮሚያ ሥር የተቋቋመው የሸገር ከተማ ከቧታል። ውሃው ከኦሮሚያ ይመጣል፣ ፍሳሹ ወደ ኦሮሚያ ይሄዳል። ወንዝ ክልል አያውቅም፤ በጀት ግን ያውቃል። አንዱ አስተዳደር የሌላውን ገበሬ ውሃ ለማጽዳት ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት እስካልተፈጠረለት ድረስ ሥራው እስከ ወሰኑ ድንጋይ ብቻ ይደርሳል። የለገዳዲ ገበሬ ዳገቱን ባያርስ፣ ዛፍ ቢተክል፣ የግድቡ ደለል ይቀንሳል። ተጠቃሚው ቦሌ ያለው ሰው ነው። ቦሌ ያለው ሰው በውሃ ቆጣሪው ላይ ጥቂት ሳንቲም ጨምሮ ለዚያ ገበሬ ቢከፍል ተፈጥሮም አስተዳደርም የማይቃወሙት ውል ይሆናል። ይህ በሌላ ሀገር የተሞከረ አሠራር ነው። እኛ ጋ ግን ሁሌም የሚቀድመው ይህ ወንዝ የማን ነው የሚለው ነው።

እና ምን ይደረግ? ፓርኩ ይቀጥል። ግን እኔ ገንዘቡ በእጄ ቢሆን መጀመሪያ የማደርገው ርካሽ ነገር ነው፤ መለካት። የወንዝ ውሃ ጤና የሚታወቅባቸው መለኪያዎች የታወቁ ናቸው። በውሃው ውስጥ ያለ ኦክስጅን፣ ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ፣ ናይትሬት፣ ክሮሚየም። ላቦራቶሪው አለ፣ ባለሙያው አለ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ናሙና መውሰድ ከጀመሩ ቆይተዋል። ቀበና ድልድይ ላይ፣ ባንትይቀጡ ላይ፣ አቃቂ ድልድይ ላይና አባ ሳሙኤል መግቢያ ላይ በየወሩ ተለክቶ ውጤቱ ለሕዝብ ይፋ ቢሆን፣ የትኛው ወረዳ እንደሠራ፣ የትኛው ፋብሪካ በሌሊት እንደለቀቀ፣ የትኛው ቱቦ እንደረዳ በቁጥር ይታያል። ባለፈው ዓመት የተቀበረው መስመር ቀበናን ስንት በመቶ አጸዳው? ይህን ሊመልስ የሚችል ከንቲባ የሚቀጥለውን በጀት ለመጠየቅ አፍ አይይዘውም። ወረቀቱ የሚለጠፍበት ቦታም አይጠፋም፤ በየፓርኩ በር፣ ከመግቢያ ዋጋው ጎን፣ ባዶ ግድግዳ አለ።